ሐምራዊዋ ኦክሳሊስ ቅጠሏን ጨረሰች፤ ልጣላት ወይስ ልጠብቃት?

የመስኮት አበባ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እስቲ እርዱኝ። ቤት ውስጥ የማስቀምጣት ኦክሳሊስ አለችኝ፤ ያቺ ሦስት ማዕዘን ሐምራዊ ቅጠል ያላት፣ ሲመሽ እጥፍጥፍ ብላ አድራ ጠዋት የምትዘረጋዋ። ጓደኛዬ ናት ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ። በጋውን ደህና ነበረች፣ ሚያዝያ ላይ እንዲያውም ፈዛዛ ሮዝ አበባ አውጥታ የመጣው እንግዳ ሁሉ ምንድን ናት እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ ቅጠሏ ፈዘዘ፣ ከዚያ ዘንጓ እየላላ ፖቱ ጠርዝ ላይ ተዘረረ፣ አሁን ሁለት ሦስት ቢጫ ቅጠል ነው የቀራት። ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ። እማዬ የቡና አተላ ጨምሪላት አለችኝ፣ ጨመርኩ። ባሰባት። ቤቱ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው፣ መስኮቱ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው። ተስፋ አላት?

ቆጪ ሠፈር፦
እህቴ እንዳትጥያት! ኦክሳሊስ ቅጠሏን ጣለች ማለት ሞተች ማለት አይደለም። ነፍሷ ያለችው ከአፈሩ ስር ነው። ጣትሽን ሰደድ አድርጊና ፈልጊ፤ ቅርፊት በቅርፊት የተደራረበባት፣ የጥድ ፍሬ በትንሹ የምትመስል ኮረት ታገኛለሽ። ስትጫኛት ጠንካራ ከሆነች አለች። ከላላችና ከሸተተች ደግሞ እሷን ብቻ ጣይ፣ ሌሎቹን አትርፊ።

የኪቶ ልጅ፦
ጅማ ተቀምጦ ሐምሌ ላይ አበባ በየቀኑ ማጠጣት! የታጠበ ካልሲ ሰንብቶ በማይደርቅበት ከተማ! 😂 ጣያትና ጤና አዳም ትከይበት፣ ቢያንስ ለቡና ይሆንሻል።

የግብርና ሰው፦
ቆጪ ልክ ነው፣ ትንሽ ላብራራው። ሙሉ ስሟ ኦክሳሊስ ትራያንጉላሪስ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ቦሊቪያ፣ ፓራጓይና አርጀንቲና ውስጥ በዱር ትበቅላለች። ስንቋን የምትቋጥረው ከአፈር ስር ነው። ሲመቻት ቅጠል ታወጣለች፣ ሳይመቻት ቅጠሏን ጥላ ትተኛለች። ድርቀት ሲበዛባት ትተኛለች፣ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ትተኛለች፣ አንዳንዴም ብዙ ጊዜ አብባ ሲደክማት ዝም ብላ ትተኛለች።

ያንቺ ግን እንቅልፍ ብቻ አልመሰለኝም። ልዩነቱን እይው። የምትተኛ ኦክሳሊስ ቅጠሏ ከጠርዙ ጀምሮ እየደረቀ፣ ወረቀት እየሆነ ይሄዳል። ውሃ የበዛባት ደግሞ ዘንጓ ከስሩ ይለሰልሳል፣ ውሃ ያዘለ ይመስላል፣ ከዚያ ይወድቃል። አንቺ የገለጽሽው ሁለተኛውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ዳመና ነው፣ ብርሃን ይቀንሳል፣ አየሩም ስለሚረጥብ ከፖቱ የሚተን ውሃ ትንሽ ነው። ብርሃን ሲያንሳት የምትጠጣውም ያንሳል። አንቺ ግን የበጋውን ያህል፣ እንዲያውም አብልጠሽ ታጠጫለሽ። አፈሩ ውስጥ አየር ያልቃል፣ ስሩ ይታፈናል፣ ቅጠል ይረግፋል። ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ጭራሽ የሚጠጣ የለም። ሰው ግን ቅጠል ሲወድቅ አይቶ ጠማት ብሎ ይጨምራል። ብዙዎቹ በዚህ ነው የሚሞቱት፣ በበሽታ አይደለም።

ፖቱን አንስተሽ ክብደቱን ልመጂው። ካጠጣሽ በኋላ አንሺው፣ ሲደርቅም አንሺው፤ እጅሽ ራሱ ይነግርሻል። ካልሆነም ጣትሽን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ ጆጉን መልሺው።

የመስኮት አበባ፦
እናንተ! ማታ ፖቱን ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። አፈሩ የፖቱን ቅርጽ እንደያዘ ግግር ብሎ ወጣ፣ ቀይ ጭቃ ነው፣ በቢላ የሚቆረጥ። ከላይ አተላው ጥቁር ንጣፍ ሆኖ ተጋግሯል፣ ስነካው ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ብን ብለው ተነሱ። ታች ደግሞ ማፍሰሻው ቀዳዳ በአፈር ተደፍኖ፣ የፖቱ ሳህን ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ኮረቶቹን ለቀም አድርጌ አየኋቸው። ከጫፍ በኩል ያሉት ጠንካሮች ናቸው፣ ሮዝ ቢጤ፣ አንዷ እንዲያውም ነጭ ቡቃያ ጀምራለች። መሀል ያሉት ግን ስጫናቸው ቡኒ ውሃ አወጡ፣ ሽታው አይጣል ነው። ጠንካሮቹን ሶፍት ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ቆጪ ሠፈር፦
አልሐምዱሊላህ፣ አለች ማለት ነው። አንድ ሁለት ቀን ጥላ ቦታ ላይ ትንሽ ይናፈሱ፣ ከዚያ አዲስ አፈር ውስጥ ትከያቸው። የድሮውን አፈር እንዳትመልሺው፣ ጓሮ ድፊው። ፖቱንም በሳሙና እጠቢው።

የግብርና ሰው፦
አፈሩ ላይ ልግባ፣ ዋናው እዚያ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ለቡና ሸጋ አፈር ነው፣ መሬት ላይ ሲሆን ጥልቅ ነው፣ ውሃውም ወደ ታች ይሄዳል። ትንሽ ፖት ውስጥ ብቻውን ሲታጨቅ ግን እየተጠቀጠቀ ሄዶ አየር ያጣል። ስለዚህ አቅልዪው። እኔ የማደርገው ከቀይ አፈሩ አንድ እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ከጫካ አፈር አንድ እጅ፣ ከሻካራ አሸዋ ወይም ከደቀቀ ሬድ አሽ (ለግንባታ የሚውለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አንድ እጅ ነው። ሬድ አሽ ግንባታ ካለበት ቦታ ለምነሽ ማግኘት ትችያለሽ፣ ማንም ለአንድ ኩባያ ብር አይጠይቅሽም። ጨብጠሽ ስትለቂው የሚፈረፈር ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ጨበጥሽው ከቀረ አሸዋ ጨምሪ።

ኮረቶቹን ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሪያቸው። የቱ ወደ ላይ የቱ ወደ ታች እያልሽ አትጨነቂ፣ በጎናቸው ብታስተኚያቸውም መንገዱን ያውቁታል። ትንሽ ፖት ይሻላል፤ ትልቅ ፖት ማለት ማንም የማይጠጣው ብዙ እርጥብ አፈር ማለት ነው። አንዴ ስስ አድርገሽ አጠጪና ተያት። ቡቃያ እስኪታይ ድረስ እጅሽን ሰብስቢ።

ማርመና ጓሮ፦
ከግብርና ሰው ጋር በአሸዋው አልስማማም። የግንባታ አሸዋ ደቃቅ ከሆነ ጭራሽ ሲሚንቶ ነው የሚያደርገው፣ ደርሶብኛል። እኔ የምጠቀመው የቡና ገለፈት ነው፣ የበሰበሰውን። ጅማ ውስጥ ከዚህ የቀለለና የረከሰ ምን አለ?

የግብርና ሰው፦
"ሻካራ" ያልኩት ለዚያ ነው ወንድሜ፤ ደቃቁን አሸዋ ወንፊት ላይ ነፍተህ የቀረውን ነው የምትወስደው። ገለፈቱ በደንብ ከበሰበሰ ተስማምቻለሁ። ትኩሱ ግን አይሆንም፣ ፖት ውስጥ መበስበስ ሲጀምር የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ ይሞቃልም።

እናት ጓሮ፦
ልጆቼ ሰላም ናችሁ? እኔ አተላን ስትኮንኑት ዝም ማለት አልቻልኩም። ዕድሜ ልኬን አበባዬን በአተላ ነው ያሳደግሁት። ጽጌረዳዬም ጌሾዬም ምስክር ናቸው። የልጅቷ እናት ምን አጠፉ?

የግብርና ሰው፦
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎ አተላ ጓሮ መሬት ላይ ስለሆነ ነው የሰመረው። ጓሮ ላይ ትሉም ዝናቡም ይበትነዋል። ጠባብ ፖት ላይ ሲደፋ ግን ይጋገራል፣ ከስሩ ያለው አፈር አይደርቅም፣ ዝንቧም እዚያው እርጥበት ላይ ነው የምትፈለፈለው። ካፌይኑም ራሱ ለጋ ተክልን ወደ ኋላ ሊጎትት ይችላል። ኮምፖስት ውስጥ ይጨመርና አብሮ ይብሰል፣ ያኔ ችግር የለውም። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ እኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣ ቤት ብዙ ነው። ጨው የገባበት አተላ ለየትኛውም ፖት አይሆንም።

እናት ጓሮ፦
የጨውን ነገር እንኳ እውነትህን ነው። እኛ ቤትም በጨው ነው። ጽጌረዳዋ እንዴት ቻለችው እንግዲህ!

የመስኮት አበባ፦
የእኛም በጨው ነው 🙈 ለእማዬ ይህን አላነብላትም።

ዝናብ ወዳጅ፦
እኔ ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዩቲዩብ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የእንቅልፍ ጊዜዋ ነው፣ ውሃ ከልክላችሁ ጨለማ ውስጥ አስገቧት ይላሉ። የእኔ ደግሞ ሐምሌ ላይ ያለ ሐሳብ እያበበች ነው። በግድ ላስተኛት?

የግብርና ሰው፦
ኧረ ተዋት! የፈረንጅ ካላንደር እዚህ አይሠራም። እነሱ ጋ ሐምሌ የሙቀት ጊዜ ነው፣ ለዚያ ነው የምትተኛባቸው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐምሌ ላይ ዝናብና ቅዝቅዝ ያለ አየር ነው ያለው። ኦክሳሊስ በጣም የምትወደው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ብትተኛ የምትተኛው በጋው ሲጠና፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው፣ ያውም ፀሐይ የሚመታት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆነች። አንዳንዷ ዓመቱን ሙሉ አትተኛም። ካበበች ታብብ፣ የምን በግድ ማስተኛት ነው።

ራሷ ስትተኛ ግን አክብሯት። ቅጠሉ በአብዛኛው ሲደርቅ ውሃውን አቁሙ፣ የደረቀውን በመቀስ ከስሩ ቁረጡ፣ ፖቱን ቀዝቀዝ ያለ ጨለም ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ብትቆይ ነው። አዲስ ቡቃያ ስታዩ ወደ ብርሃን መልሷትና ማጠጣት ጀምሩ። ጓዳ ውስጥ አስገብተው የሚረሷት ሰዎች አሉና አልፎ አልፎ ብቅ ብላችሁ እዩአት።

ብርዱንም ልጨምር፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ያኔ ማታ ማታ ከመስኮቱ መስታወት ፈንጠር አድርጓት።

ሂርማታ ላይ ነኝ፦
የእኔ ደግሞ በጠራራ ቀን ትታጠፋለች። ታማ ነው? ማታ ላይ መታጠፏን አውቃለሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ምን ሆና ነው?

ቆጪ ሠፈር፦
ፀሐይ በቀጥታ እየመታት ነው። በጣም ሲበዛባት ቅጠሏን ወደ ታች ታጥፋለች፣ ራሷን ስትከልል ነው። ስስ መጋረጃ አድርግባት ወይም ከመስኮቱ አንድ እርምጃ አርቃት።

የግብርና ሰው፦
እንደዚያው ነው። ሦስቱ ቅጠሎች ከዘንጉ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽዬ መገጣጠሚያ አላት። እዚያ ያሉት ሴሎች ውሃ ሲሞሉ ቅጠሉ ይዘረጋል፣ ውሃው ሲወጣ ይታጠፋል። ሲመሽ፣ ፀሐይ ሲከርባት፣ አንዳንዴ ስትነካካትም ታደርገዋለች። ልጆች እየነካኩ እንዲጫወቱባት ግን አትተዉ፣ በከንቱ ታደክሟታላችሁ።

የመስኮት አበባ፣ ያንቺ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ግንብ የሚያይ መስኮት ብርሃን ያንሰዋል። ዘንጓ ቀጥኖ ረዝሞ የተዘረረው ከውሃው በተጨማሪ ለዚያ ነው። ቤቱ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ካለ እዚያ አድርጊያት፣ በየሳምንቱ ፖቱን ዞር ዞር አድርጊው፣ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። በረንዳ ላይ ማውጣትም ይቻላል፣ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ስር ግን አይሁን።

ማርመና ጓሮ፦
ማዳበሪያስ? እኔ ለበቆሎ ከገዛሁት ዩሪያ ቁንጥር አድርጌ ጣል ባደርግላት?

የግብርና ሰው፦
አይሆንም! ፖት ውስጥ ቁንጥሩም ስር ያቃጥላል። ኮምፖስቱ ይበቃታል። ስታድግና ስታብብ በወር አንዴ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ማዳበሪያ ብትሰጣት ደስ ይላታል፣ ባትሰጣትም አትሞትም። ተኝታ እያለች ደግሞ ምንም።

ዝናብ ወዳጅ፦
የእኔ ቅጠል ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ፣ ስነካው ጣቴ ላይ ይቀራል። የቡና ዋግ ይሆን? ጓሮዬ ውስጥ ቡና አለ፣ ልቤ ፈራ።

የግብርና ሰው፦
ዋግ ነው፣ የቡናው ግን አይደለም። የቡና ቅጠል ዋግ ሌላ ፈንገስ ነው፣ ከኦክሳሊስ ጋር አይገናኝም፣ ቡናህ ሰላም ነው። ኦክሳሊስ የራሷ ዋግ አላት። እንዲያውም የሚገርምህን ልንገርህ፣ የበቆሎ ዋግ የሚባለው ፈንገስ ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው የኦክሳሊስ ዘመዶች ላይ ነው። በበቆሎና በእነዚህ ዘመዶቿ መካከል ይመላለሳል።

መድኃኒቱ መቀስ ነው። የተያዘውን ቅጠል ሁሉ ቁረጥ፣ ኮምፖስት ውስጥ ሳትጨምር አቃጥለው። ብዙ ከሆነ መላጣ አድርጋት፣ አትፍራ፣ ከኮረቷ እንደገና ታወጣለች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ቅጠሏ ላይ አታፍስስ፣ ከስር አፈሩ ላይ ብቻ። ፖቶቹንም አራርቃቸው፣ አየር ይግባባቸው።

ሂርማታ ላይ ነኝ፦
በበጋ ደግሞ ቅጠሏ ላይ ነጠብጣብ ይበዛል፣ ከስር ስስ ድር ነገር አለ። ምንድን ነው?

ማርመና ጓሮ፦
ቀይ ሸረሪት የምንላት ጥቃቅን ተባይ ናት። ደረቅ አየር ነው የምትወደው፣ ጥርና የካቲት ላይ ትመጣለች። ቅጠሉን በውሃ እጠበው፣ በተለይ ጀርባውን። ካልተወች አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ጠብ አድርገህ ርጭ፣ ቆይተህ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው። ሳሙና አታብዛ፣ ቅጠሏ ስስ ነው፣ ይቃጠላል።

እናት ጓሮ፦
ይቺ ነገር ግን ጓሮዬን የሞላችው ባለ ሮዝ አበባዋ አረም ዘመድ አይደለችም? ስነቅላት ስነቅላት የማታልቀዋ። ቅጠሏ ሦስት ነው፣ ስንቀምሳት ትኮመጥጣለች፣ ልጆች ሆነን እንበላት ነበር።

የግብርና ሰው፦
ዘመድ ናት እማማ፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኮምጣጣነቱም ከኦክሳሊክ አሲድ ነው፣ ሁሉም አላቸው። ያቺን አረም ሲነቅሏት ከስሯ ሽንኩርት የሚመስሉ ጥቃቅን ኮረቶች ይረግፋሉ፣ እያንዳንዷ አዲስ አረም ትሆናለች። በዶማ ሲቆፍሯት ይበትኗታል። አፈሩን በእጅ ፈረፈር አድርጎ ለቅሞ ማውጣት ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም። ሐምራዊዋ እንደ እሷ ጓሮ አትወርም፣ ግን እኔ ጓሮ መሬት ላይ አልተክላትም፣ ፖት ውስጥ ትቀመጥ።

ስለ መብላቱ፣ አንድ ሁለት ቅጠል የቀመሰ ሰው ምንም አይሆንም። ኩላሊቱ ላይ ጠጠር ያለበት ሰው ግን ይለፈው። ድመትና ውሻ በብዛት ከበሉት ይጎዳቸዋል። በግም ቢሆን፤ አውስትራሊያ ውስጥ የኦክሳሊስ ዘመድ ብዙ የጋጡ በጎች ይመረዛሉ። ለበዓል የገዛችሁትን በግ በረንዳ ላይ የምታስሩ ሰዎች ፖቱን አንሱት።

የኪቶ ልጅ፦
በጉ ራሱ ያለው ጭንቀት አይበቃውም እንዴ 😂

ቆይ ግን የሚበላ ኦክሳሊስ የለም? ይህን ሁሉ ኮረት ደክመን ስናሳድግ።

የግብርና ሰው፦
አለ። ኦካ ይባላል፣ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንደ ድንች ነው የሚበሉት። የእኛይቱ ግን ለዓይን ብቻ ናት።

የመስኮት አበባ፦
ተክያታለሁ! የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የማድ ቤት መስኮት ላይ ነው ያደረግኳት። ቡቃያ የነበራት ኮረት ዛሬ ብቅ ብላለች፣ ገና ሐምራዊ አልሆነችም፣ ቡኒ ቢጤ ናት፣ ቅጠሏ ተጣጥፎ ነው የወጣው። ውሃ አልጨመርኩም፣ ፖቱ ገና ከባድ ነው። የተረፉ ኮረቶች አሉኝ፣ የሚፈልግ?

ሂርማታ ላይ ነኝ፦
እኔ! አረንጓዴዋ ነጭ አበባ ያላት አለችኝ፣ እንለዋወጥ።

የግብርና ሰው፦
ስትለዋወጡ አፈሩን አራግፋችሁ፣ ኮረቷን ብቻ አጥባችሁ ስጡ። አረሟም ዋጉም የሚዞረው በአፈርና በቅጠል ነው።

ቢሮ ላይ ያለሁ፦
እኔም አንድ ኮረት ብታደርሱኝ። ግን ቢሮዬ መስኮት የለውም፣ መብራት ብቻ ነው። ትሆናለች?

ቆጪ ሠፈር፦
አምፖሉን ከላይዋ ቀረብ አድርገህ ቀኑን ሙሉ ካበራህላት ትሞክራለች፣ መብራቱ በሄደ ቁጥር ግን ተጣጥፋ ነው የምታገኛት። ለእንደዚህ ዓይነት ቢሮ ሳንሴቬሪያ ይሻልሃል፣ ያቺ እንደ ሰይፍ ቀጥ ያለ ወፍራም ቅጠል ያላት። ኦክሳሊሷን ቤትህ ውሰዳት።